በቀን አንድ ፎቶግራፍ፣ በቀን ሦስት ዐረፍተ ነገር

አንድ ተማሪ የእንግሊዝኛን ሰዋስው በሚገባ አጥንቶ፣ የግሱን ርባታ በቃሉ ይዞ፣ በክፍል ፈተናም ጥሩ ውጤት አምጥቶ ሳለ፣ «እስቲ ከቤትህ እስከ ትምህርት ቤትህ ባለው መንገድ ላይ ዛሬ ያየኸውን በእንግሊዝኛ ንገረን» ሲባል ዝም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። የዝምታው ምክንያት ስንፍና አይደለም፤ የችሎታ ማነስም አይደለም። ያጠናው ሁሉ በመጽሐፍ ውስጥ ስለ ተጻፈ ነገር ነበር፤ በዐይኑ ፊት ስላለው ነገር ግን በዚያ ቋንቋ አስቦ አያውቅም። ይህ ጽሑፍ የዚህን ዝምታ መድኀኒት በሚመለከት አንድ አስተያየት ያቀርባል። ተማሪዎች ሆይ! አስተያየቱን አንብባችሁ መዝኑት፤ የምትስማሙበትን ያዙ፣ የማትስማሙበትን በምክንያት ተቃወሙ።

በወለጋ ከተሞች፣ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ወይም ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኡኬ የምትማሩ ልጆች ይህን ችግር ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አብዛኞቻችሁ ትምህርታችሁን የተከታተላችሁት በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛንና እንግሊዝኛን እያንዳንዳቸውን እንደ አንድ የትምህርት ዐይነት ተምራችኋል። ዘጠነኛ ክፍል ስትገቡ ግን ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቃችሁ። ትናንት አንድ ትምህርት ብቻ የነበረው ቋንቋ ዛሬ የትምህርቱ ሁሉ በር ሆነ።

በሩን መክፈት የተሳነው ተማሪ ከበስተውስጥ ያለውን ዕውቀት ሊያገኝ አይችልም። በ2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ፣ ማለትም 3.2 ከመቶ ያህል ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ ማላከክ ተገቢ አይሆንም። ይሁን እንጂ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ መልሱን ቢያውቀው እንኳ ሊመልሰው እንደማይችል ማንም የሚክድ የለም። እንግዲህ እንግሊዝኛን መለማመድ ለእናንተ የጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የትምህርት ሕይወታችሁ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢንስታግራም የተባለው የፎቶግራፍ መለዋወጫ ከተጀመረ በኋላ፣ በልዩ ልዩ አገሮች አንድ ልማድ እየተስፋፋ መጥቷል። ልማዱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ለወሩ ቀኖች ሁሉ አንዳንድ ቃል የያዘ ሰሌዳ ያወጣል። ለምሳሌ የመጀመሪያው ቀን ቃል «በር»፣ የሁለተኛው «ውሃ»፣ የሦስተኛው «ቁርስ»፣ የአራተኛው «አሮጌ ነገር» ሊሆን ይችላል። በልማዱ የሚሳተፉት ሁሉ በየቀኑ ለዕለቱ ቃል የሚስማማ አንድ ፎቶግራፍ ከየአካባቢያቸው ያነሡና ከአጭር ጽሑፍ ጋር በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ያወጡታል። ልማዱ ሲጀመር ለፎቶግራፍ መዝናኛነት ነበር፤ ቋንቋ የሚማሩ ሰዎች ግን አጭሩን ጽሑፍ በሚማሩት ቋንቋ መጻፍ ሲጀምሩ መዝናኛው መልመጃ ሆነ። በእኛ አገር ቴሌግራምና ፌስቡክ የብዙ ወጣቶች መገናኛ ስለ ሆኑ፣ በጥቂት የክፍል ጓደኞች መካከል እንዲህ ያለውን ልምምድ ማቋቋም አስቸጋሪ አይሆንም።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ዕለታዊ የፎቶግራፍ ርእስ፣ ጽሑፉ ከተማሪው ከራሱ አእምሮ እስከ ወጣ ድረስ፣ አንድ ተማሪ የውጭ ቋንቋን ለመለማመድ በእጁ ካሉት መንገዶች ሁሉ ቀላሉና ከጥሩዎቹም አንዱ ነው። ዋናው ጥቅሙም የሚያውቀውን ዓለም ገና ባልለመደው ቋንቋ እንዲናገር ማስገደዱ ነው። ይህን ያልሁበትን ምክንያት በተራ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የመማሪያ መጻሕፍት የቱንም ያህል ቢዘጋጁ የእያንዳንዱን ተማሪ መንደር ሊይዙ አይችሉም። አንድ የወለጋ ተማሪ ከውጭ በመጣ መጽሐፍ በረዶ ሲዘንብ፣ ባቡር ሲነጉድ፣ ሰው በባሕር ዳርቻ ሲዝናና የሚገልጹ ቃላትን ያጠናል። እነዚህን ማወቁ መልካም ነው። ነገር ግን እናቱ በመስቀል በዓል የምታቀርበውን አንጮቴ ለባዕድ ሰው ለማስረዳት ቢፈልግ ምን ይላል? ለአንጮቴ በሰፊው የታወቀ የእንግሊዝኛ ስም የለም። የሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት ኮክሲኒያ አቢሲኒካ ብለው ይጠሩታል እንጂ፣ ስለ እርሱ በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ሰዎች ራሳቸው አንጮቴ እያሉ ነው የሚጽፉት። ስለዚህ የዕለቱ ቃል «ምግብ» ቢሆንና ተማሪው አንጮቴን ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ ስሙን ከመዝገበ ቃላት ገልብጦ ሊያመልጥ አይችልም። ከምድር በታች የሚያድግ ሥር መሆኑን፣ ተቀቅሎ እንደሚላጥ፣ በቅቤ እንደሚበላ፣ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ተብሎም እንደሚታመን መግለጽ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ጊዜ «ሥር»፣ «መቀቀል»፣ «መላጥ»፣ «አጥንት» የሚሉትን ቃላት ፈልጎ ያገኛል፤ ፈልጎ ስላገኛቸውም አይረሳቸውም። ለማያውቅ ሰው ማስረዳት የቋንቋ ከፍተኛው ፈተና ነውና።

ሥዕልን ለቋንቋ ትምህርት ማዋል አዲስ ግኝት አይደለም። የሞራቪያው ተወላጅ ኮሜንየስ እ.ኤ.አ. በ1658 በኑረምበርግ ከተማ ያሳተመው የሥዕል መጽሐፍ ለሕፃናት ከተዘጋጁ ሥዕላዊ የመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ በታዋቂነቱ ግንባር ቀደም ነው። በያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ሥዕል ይገኛል፤ በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ነገሮች ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ከበታቹም የየቁጥሩ ስምና ገለጻ በላቲንና በጀርመንኛ ጎን ለጎን ተጽፏል። የኮሜንየስ ሐሳብ ቃልና ነገር እንዳይለያዩ፣ ልጁ ቃሉን ሲሰማ ነገሩን እንዲያይ ነበር። የዛሬው ተማሪ ከዚያ ዘመን ልጅ የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፤ ሥዕሉን ሌላ ሰው እስኪሥልለት አይጠብቅም። የገዛ ደጁን፣ የገዛ ገበያውን፣ የገዛ ወንዙን እርሱ ራሱ ሊያነሣ ይችላል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ፎቶግራፍ ሰዋስውን ከደንብነት ወደ ሥራ ይለውጠዋል። ይህን በምሳሌ እንመልከት። የዕለቱ ቃል «ገበያ» ነው እንበል። ተማሪዋ ቡና የምትሸጥ ጎረቤቷን አስፈቅዳ ፎቶግራፍ አነሣች። እኔ ለማንኛውም ፎቶግራፍ ሦስት ዐረፍተ ነገር እንዲጻፍ እመክራለሁ። የመጀመሪያው የሚታየውን፣ ሁለተኛው ከዚያ በፊት የሆነውን፣ ሦስተኛው የጸሐፊዋን ሐሳብ ከነምክንያቱ የሚገልጽ ነው። ተማሪዋ በአማርኛ ብትጽፍ፣ «አንዲት ሴት ቡና እየሸጠች ነው። ቡናውን ዛሬ ጠዋት ከገጠር አመጣችው። ዋጋው ስለ ተወደደ ገዢ የቀነሰ ይመስለኛል» ትል ይሆናል።

እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ወደ እንግሊዝኛ ለማምጣት ስትሞክር ምን ያጋጥማታል? በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ ይቀመጣል፤ በአፋን ኦሮሞም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ግሱ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣና ተሳቢው ይከተለዋል። ስለዚህ «ሴት ቡና እየሸጠች ነው» ያለችው ተማሪ «ሴት እየሸጠች ነው ቡና» ብላ ቅደም ተከተሉን መለወጥ አለባት። «አመጣችው» የሚለው አንድ የአማርኛ ቃል ባለቤቱንም፣ ድርጊቱንም፣ ተሳቢውንም በአንድነት ይዟል፤ እንግሊዝኛው ግን «ሺ ብሮት ኢት» ብሎ በሦስት ቃላት ይለያያቸዋል። «ስለ ተወደደ» በሚለው ውስጥ ከግሱ ጋር የተጠጋው «ስለ» በእንግሊዝኛ «ቢኮዝ» የሚል ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ ይወጣል። እነሆ፣ በአንድ ፎቶግራፍ ሦስት የሰዋስው ደንቦች ሥራ ላይ ዋሉ። በየቀኑም እነዚሁ ደንቦች በአዲስ ቃል ተመልሰው ስለሚመጡ፣ እጅ እስኪለምዳቸው ድረስ ይደጋገማሉ።

መስተዋድዶችም እንዲሁ ናቸው። በአማርኛ ወፍ ጣራ ላይ ብታርፍ «ወፏ ጣራው ላይ ናት» እንላለን፤ ጣራውን ሳትነካ በአየር ላይ ብታንዣብብም ብዙ ጊዜ «ላይ» በሚለው ቃል እንረዳለን። እንግሊዝኛ ግን የነካችውን «ኦን»፣ ያልነካችውን «ኧበቭ» ወይም «ኦቨር» ብሎ ይለያል። ይህን ልዩነት ደንቡን መቶ ጊዜ ከመሸምደድ ይልቅ ሁለት ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን አድርጎ መጻፍ ያስረዳል።

ጥቅሙ ለእንግሊዝኛ ብቻ ነው ብላችሁም አታስቡ። አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ የፈቱ ተማሪዎች አማርኛቸውን በዚሁ መንገድ ሊያበለጽጉ ይችላሉ። የዕለቱ ቃል «ልብስ» ቢሆንና አንድ ለበዓል የተዘጋጀ ሽማግሌ በፎቶግራፉ ቢታይ፣ በአማርኛ ሸሚዙን ለበሰ፣ ጫማውን ተጫማ፣ ቀበቶውን ታጠቀ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ቀለበቱን አጠለቀ፣ ጋቢውን ደረበ እንላለን። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ «ዌር» የሚለውን አንድ ግስ ቢጠቀም አይቸግረውም። ቋንቋዎች ዓለምን የሚከፋፍሉት በየራሳቸው መንገድ መሆኑን ተማሪው የሚያውቀው እንዲህ አንድን ሥዕል በሁለትና በሦስት ቋንቋ ሲገልጽ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ልምምዱ ዕለታዊ መሆኑ ራሱን የቻለ ኀይል አለው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እንደ ቋንቋ ትምህርት የሚስማማው ነገር የለም። በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑም ሦስት ዐረፍተ ነገር የሚጽፍ ተማሪ በሳምንት ዐሥራ አምስት ይጽፋል። ይህን ለአርባ ሳምንታት ቢያደርገው 600 ዐረፍተ ነገሮች ይሆናሉ። በአንድ ቀን ተቀምጦ 600 ዐረፍተ ነገር ጻፍ የተባለ ተማሪ ግን ይሰለቻል፤ ቢጽፍም ይገለብጣል እንጂ አያስብም። ለአንድ ፎቶግራፍ የሚያስፈልገው ሩብ ሰዓት ነው፤ ሩብ ሰዓት ደግሞ ከብት የሚጠብቅም፣ ውሃ የሚቀዳም፣ ሱቅ የሚያግዝም ልጅ አያጣውም።

ከልዩ ልዩ ሰዎች አፍና ኑሮ ቃልን እየለቀሙ ቋንቋን ማልማት ለወለጋ እንግዳ ነገር አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባለው ሊቅ በኢሉባቦር በሑሩሙ አካባቢ ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ በባሪያ ፈንጋዮች ተይዞ ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻነቱን አገኘ። በዚያም በእምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት፣ ኋላም በስዊድን አገር ተማረ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም በተነሣ ጊዜ ግን አንድ ከባድ ችግር ገጠመው፤ ከቋንቋው ተናጋሪዎች በልጅነቱ ተለይቶ ስላደገ የቃላት ሀብቱ ለሥራው አልበቃውም። ይህን ክፍተት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴር እርስዋም በባርነት ተይዛ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ከመርከብ ላይ ነጻ የወጣች ወጣት ነበረች። በእምኩሉ ተምራ፣ ለትርጉም ሥራው የሚያገለግል የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ 500 የሚያህሉ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችንም ጽፋ አስቀመጠች። ከእነዚህም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ገብተዋል። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በኦሮምኛ ታተመ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው ልጆችን አስተማሩ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ታላቁን ሥራ የተሸከሙት ትናንሽ ቃላት መሆናቸውን ነው። አስቴር ካሜራ አልነበራትም፤ የነበራት ያየችውንና የሰማችውን ነገር ሳይጻፍ እንዲያልፍ ያለመፍቀድ ትጋት ነበር። እናንተም በስልካችሁ የምታነሡት ፎቶግራፍ ፍሬ የሚኖረው ያው ትጋት ሲጨመርበት ብቻ ነው።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሰዎች አሉ፤ ተቃውሟቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አንዳንድ ወላጆችና መምህራን «ስልክ የተማሪን ጊዜ የሚበላ፣ ልቡን የሚበትን ነገር ነው፤ ለአንድ ፎቶግራፍ ብሎ የገባ ልጅ ሁለት ሰዓት ሳይወጣ ይቀራል» ይላሉ። እውነት ነው። በዚህ ምክንያትም በብዙ ትምህርት ቤቶች ስልክ ይዞ መግባት ተከልክሏል፤ ደንቡም መከበር አለበት። ነገር ግን ችግሩ ከፎቶግራፉ ሳይሆን ከሥራው ቅደም ተከተል የሚመጣ ነው። ፎቶግራፉን ካነሣችሁ በኋላ ስልኩን አስቀምጡት። ሦስቱን ዐረፍተ ነገሮች በደብተራችሁ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፤ አንብቡ፤ አርሙ። ለጓደኞቻችሁ የምትልኩት ከዚህ በኋላ ነው። ሥራው በደብተር ላይ ያለቀ ተማሪ በስልክ ላይ የሚቆይበት ምክንያት አይኖረውም።

ሌሎች ደግሞ «ስልክ የሌለው ተማሪስ ምን ያድርግ? ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ያለውስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት በወለጋ ዞኖች ጭምር የሞባይል ስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ሙሉ ትምህርቱን በስልክ ላይ የመሠረተ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ትምህርቱ አብሮ ይቋረጥበታል። ስለዚህ ልምምዱ ያለ ኢንተርኔት፣ ሲሆን ያለ ስልክም እንዲቆም ሆኖ መሠራት አለበት። አምስት ተማሪዎች በአንድ ስልክ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ስልክ ከጠፋም የዕለቱን ነገር በእርሳስ ሥሎ፣ ወይም ልብ ብሎ ተመልክቶ በቃል ይዞ መጻፍ ይቻላል። ለቋንቋው የሚጠቅመው ነገሩን ልብ ብሎ ማየቱና ማሰቡ እንጂ የካሜራው ዐይነት አይደለም። የኢንተርኔት ዋጋ የሚከብዳቸውም ፎቶግራፉን ትተው ጽሑፉን ብቻ ቢልኩ ወጪው እጅግ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመናችን ነው። «ስልኩ ራሱ ይተረጉምልኝ የለምን? ለምን እደክማለሁ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። በእርግጥ የጉግል ተርጓሚ እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን፣ በ2022 ደግሞ አፋን ኦሮሞን ጨምሯል። ዛሬ አንድ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ሙሉ ድርሰት የሚጽፉ መሣሪያዎችም ተፈጥረዋል። መሣሪያውን መጥላት አያስፈልግም። ነገር ግን ሌላ ሰው የተሸከመላችሁ ሸክም ትከሻችሁን እንደማያጠነክረው ሁሉ፣ ሌላ ያሰበላችሁ ዐረፍተ ነገርም አንደበታችሁን አይፈታም። በፈተና አዳራሽ ውስጥ ከእናንተ ጋር የሚገባው አእምሮአችሁ ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፤ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ከመሣሪያው ጋር አመሳክሩ፤ የተለያያችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ መምህራችሁን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የተሳሳታችሁት እናንተ ትሆናላችሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የተሳሳተው መሣሪያው ይሆናል። ያን ለይታችሁ ያወቃችሁ ቀን ቋንቋው የእናንተ መሆን ጀምሯል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ተማሪዎችን የሚያስቀረው ግን ተቃውሞ ሳይሆን ፍርሃት ነው። «ብሳሳት ይሥቁብኛል» ማለት በመምህርነት ዘመኔ በየክፍሉ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ከተማሪዎች መካከል በቋንቋ ወደ ኋላ የሚቀሩት ብዙ የሚሳሳቱት ሳይሆኑ፣ እንዳይሳሳቱ ብለው አፋቸውን የሚዘጉት ናቸው። ስለዚህ ልምምዱን ሺህ ሰው በሚያየው አደባባይ ሳይሆን በአምስት ወይም በስድስት ጓደኞች መካከል ጀምሩት። በመካከላችሁም አንድ ስምምነት ይኑር፤ የጓደኛውን ስሕተት የሚያርም ሁሉ ከማረሙ በፊት በጽሑፉ ውስጥ ያገኘውን አንድ መልካም ነገር ይጥቀስ። በአንድ ጊዜም ከአንድ ዐይነት ስሕተት በላይ አትራረሙ። በዚህ ሳምንት የግሱን ጊዜ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መስተዋድዱን፣ ከዚያ በኋላ ነጠላና ብዙ ቁጥርን ተመልከቱ። በሳምንቱ መጨረሻ አንዱን ደብተር ለመምህራችሁ አሳዩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላልና፣ አንዱ ብቻውን የማይደፍረውን ቋንቋ አምስቱ ተባብረው ይደፍሩታል።

በዚህ አጋጣሚ ሳይጠቀስ ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ የሰውን ክብር ይመለከታል። ፎቶግራፍ የሰውን መልክ ከእርሱ ለይቶ ወደማያውቀው ቦታ የሚወስድ ነገር ነው። በገበያ ያሉ እናትን፣ በመንገድ የሚሄዱ አባትን ሳታስፈቅዱ አታንሡ፤ «እማማ፣ ለትምህርት ነው፤ ላንሣዎት?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ጨዋነት ነው። እምቢ ካሉም አመስግናችሁ እለፉ። የችግረኛንና የታመመን ሰው፣ የሕፃናትን መልክ፣ የጸጥታ ጠባቂዎችንና ኬላዎችን አታንሡ። የራሳችሁን መልክና የቤታችሁን አድራሻም ለማታውቁት ሰው አትላኩ። ሰው የሌለበት ፎቶግራፍ ለቋንቋ ልምምድ አያንስም፤ እንዲያውም አንድ አሮጌ ጀበና ከአንድ ሰው መልክ ይልቅ ብዙ ሊያናግር ይችላል።

እንግዲህ ከየት እንደምትጀምሩ ለማሳየት የአንድ ሳምንት ርእሶችን ላቅርብ። ሰኞ «ደጃፍ» ይሁን፤ ከቤታችሁ ደጃፍ ቆማችሁ የሚታየውን ጻፉ። ማክሰኞ «ጭስ»፤ ከየት እንደሚነሣና ምን እየበሰለ እንዳለ ግለጹ። ረቡዕ «የእጅ ሥራ»፤ አንድ የተሸመነ፣ የተሰፋ ወይም የተጠረበ ዕቃ መርጣችሁ እንዴት እንደ ተሠራ ተናገሩ። ሐሙስ «ቡና»፤ የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» በሚል ስም እንደሚሸጥ፣ ይህም ስም ከከተማዋ የቀድሞ ስም ከለቀምት የመጣ መሆኑን ለማያውቅ ሰው አስረዱ። ዓርብ «የሌለ ነገር»፤ በአካባቢያችሁ ቀድሞ የነበረና ዛሬ የማይገኝ ነገር የነበረበትን ቦታ አንሥታችሁ ከታላላቆች የሰማችሁትን በኀላፊ ጊዜ ጻፉ። በዚህ የመጨረሻው ርእስ ላይ በተለይ ልብ በሉ፤ ካሜራ የሌለውን ነገር ሊያነሣ አይችልም፣ ቋንቋ ግን ይችላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ ቋንቋ የሚማር ተማሪ ብዙ ጊዜ ቋንቋውን የሌላ ሰው ቤት አድርጎ ያየዋል፤ በደጃፉ ቆሞ ያንኳኳል እንጂ ገብቶ ለመቀመጥ አይደፍርም። ነገር ግን ስለ አንጮቴ፣ ስለ ዴዴሳ ወንዝ፣ ስለ ኡኬ ገበያ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው እናንተ ካልሆናችሁ ማን ሊሆን ነው? ስለ እነዚህ ነገሮች ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የቋንቋው ባለቤት አይገኝም። በዚህ ረገድ እናንተ መምህራን ናችሁ፤ ሌላው ተማሪ ነው። ቋንቋውን የሚያንሳችሁ በቃላቱ ብቻ ሲሆን፣ ቃላቱም በየቀኑ ሦስት ዐረፍተ ነገር እየተጻፈ የሚሸመቱ ናቸው።

ስለዚህ ነገ አትበሉ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ በመንገዳችሁ ላይ ከዚህ በፊት ልብ ብላችሁ ያላያችሁትን አንድ ነገር ምረጡ። ስልክ ካላችሁ አንሡት፤ ከሌላችሁ ቆማችሁ ተመልከቱት። ከዚያም ደብተራችሁን ግለጡና የሚታየውን፣ የነበረውንና የምታስቡትን ጻፉ። የመጀመሪያው ቀን ዐረፍተ ነገር ስሕተት የሞላበት ይሆናል፤ የማይጻፈው ዐረፍተ ነገር ግን ሊታረም እንኳ አይችልም።